ስለ ማቀዝቀዣ ዘይትና ስለ ብረት ሠራተኞች ኅብረት

ብረት በቶርኖ ሲቀረጽ ወይም በትራፓኖ ሲበሳ እጅግ ስለሚግል፥ ስለቱ እንዳይዶለድም ዘይት ይፈስስበታል። ለዚሁ ሥራ ተብሎ የተዘጋጀ፥ በውኃ ሲበጠበጥ እንደ ወተት የሚነጣ የማቀዝቀዣ ዘይት አለ። ይሁን እንጂ እንደ ሻንቶ ባሉ ከተሞች በርና መስኮት የሚሠራ ባለሙያ እጁ የሚቀናው ከጋራዥ በነጻ ወደሚያገኘው የተቃጠለ ዘይት ነው።

ይህን የምንለው ባለሙያውን ለመውቀስ አይደለም። የማቀዝቀዣው ዘይት በጅምላ የሚሸጠው 200 ሊትር በሚይዝ በርሜል ነው፤ ከመቶው እጅ አምስቱ ዘይት፥ የቀረው ውኃ ቢሆን ከአንዱ በርሜል 4,000 ሊትር ቅልቅል ይወጣል። ቶርኖው 40 ሊትር የሚይዝለት ሰው ግን በአንድ ጊዜ የሚያስፈልገው 2 ሊትር ዘይት ብቻ ነው። መቶ ጊዜ የሚሞላ ዘይት ለብቻህ ግዛ ቢባል ማን ይሰማል? ዐሥር ቤቶች ገንዘብ አዋጥተው ቢገዙት ግን ለእያንዳንዱ 20 ሊትር ይደርሰዋል፤ ይኸውም ማንም የማይከብደው ነገር ነው።

የተቃጠለ ዘይት በሞተር ውስጥ በሙቀት ብዛት ካንሰር የሚያመጡ ነገሮችን ያጠራቅማል። በእንግሊዝ አገር በላንክሻየር የጥጥ መፍተያ ፋብሪካዎች ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ሱሪያቸው በማሽን ዘይት እየራሰ በኀፍረተ አካላቸው ቆዳ ላይ ካንሰር እንደ ወጣባቸው ሐኪሞች በ1922 እ.ኤ.አ. ጽፈዋል። ዛሬም ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት ያልተጣራውንና በጥቂቱ ብቻ የተጣራውን የማዕድን ዘይት በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡት ወገን መድቦታል። እንግዲህ ዘይት የጠጣ ጨርቅ በሱሪ ኪስ ይዞ መዋል ቀላል ነገር አይደለም። እጅን በናፍጣ ወይም በቤንዚን መታጠብም የቆዳውን ወዝ ገፎ ያቆስላል፤ ሳሙናና ውኃ ይበቃል።

የማቀዝቀዣው ዘይትም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ አይያዝም። ውኃው እየተነነ ሲጎድል ባዶ ውኃ ብቻ ቢጨመርበት ቅልቅሉ እየሳሳ ይሄዳል፤ ከዚያም ተሕዋስያን ይራቡበትና እንደ ተበላሸ እንቁላል ይሸታል። ከስለቱ ላይ የሚነሣው ጉም ሳምባን ያውካል፥ እርጥበቱም የእጅን ቆዳ ይሰነጣጥቃል። የቅልቅሉን ብርታት የሚለካ በኪስ የሚያዝ መነጽር መሰል መሣሪያ ስላለ፥ አንዱን ገዝቶ ከቤት ቤት በየተራ መለካት ይቻላል።

የበለጠው ችግር የሚደፋው ነው። የተቃጠለ ዘይት በጓሮ ሲፈስስ ወደ እንሰቱ ሥር ይሰርጋል፥ ዝናብም ወደ ጎረቤት ምንጭ ይነዳዋል። (ምስጥ እንዳይበላው በቤት ምሰሶ ላይ መቀባቱ የቆየ ልማድ ነው፤ ቢያንስ በባዶ እጅ አይቀባ።) የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ አዋጅ ቁጥር 1090 በ2010 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ነገር ግን አዋጅ በርሜል አይገዛም። በየቤቱ በጀሪካን የሚቀመጠውን ጥቂት ዘይት የሚፈልገው ነጋዴ የለም፤ በርሜል ሲሞላ ግን ለሚያጣራው ወይም እንደ ሲሚንቶ ፋብሪካ ባለ ብርቱ እቶን ለሚያነደው ወገን ለመላክ ይመቻል። ውኃ የተቀላቀለበት ማቀዝቀዣ በተለየ በርሜል ይጠራቀም፤ ከሞተር ዘይት ጋር ከተደባለቀ ሁለቱንም ያበላሻልና።

በርሜሎቹ ጣራ ባለው፥ ወለሉ ሲሚንቶ በሆነ ቦታ ይቁሙ። ቁልፉ በማን እጅ ይሁን የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ በእኛ አስተያየት ብረት ሠራተኞቹ ዕቁብ የሚጥሉ ከሆነ የዕቁቡ ዳኛ ይያዘው።