ከአያቴ የሕይወት ታሪክ የቀረው

አያቴን የቀበርናት በቅርቡ ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ የተነበበው የሕይወት ታሪክ እንደምናውቃቸው ሁሉ ነበር፤ የትውልድ ቦታ፣ የተማሩበት ትምህርት ቤት፣ ያገለገሉበት ዘመን፣ የልጆችና የልጅ ልጆች ብዛት፣ ከዚያም «ደግ፣ ሰው አክባሪና ትሑት ነበሩ»። ደግነቷ እውነት ነው። ትሑት ግን አልነበረችም፤ መሆንም አልፈለገችም። የምታውቀውን ቀና ብላ የምትናገር መምህርት ነበረች።

ይህን ከየት እንዳገኘችው እየደጋገመች ትነግረን ነበር። በ1940ዎቹ በእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ስትማር ርእሰ መምህርቷ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ነበሩ። ያን ትምህርት ቤት በርእሰ መምህርነት የመሩ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ናቸው። ስዊዘርላንድ ተምረው የተመለሱ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ጎሬ ላይ ጥቁር አንበሶች ከተባሉት አርበኞች ጋር የተሰለፉ፣ ተማርከው በጣሊያን አገር አዚናራ ደሴት የታሰሩ ሴት። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት ሆኑ። ተውኔት ይደርሱ ነበር፤ ተማሪዎቻቸውም ይጫወቱት ነበር። አንገቷን ደፍታ፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና እንድትናገር ተደርጋ ላደገች ልጅ፣ በሰው ፊት ቆሞ ድምፅን ከፍ ማድረግ ምን ማለት እንደነበር አስቡት። አያቴ ከዚያ ትምህርት ቤት ድምፅዋን ይዛ ወጣች። በስተርጅናዋም ቢሆን ቡና እንዲፈላ ስታዝ ከውጭ በር ይሰማ ነበር።

የቀሩትን ነገሮች የሰማሁት ድንኳኑ ውስጥ፣ ከለቀስተኞቹ ነው። ስማቸው በ«ፈ» የሚጀምር አንድ ሽማግሌ የቀድሞ ተማሪዋ አጠገቤ ተቀምጠው፣ እትዬ አንዳንድ ቀን የስም ጥሪ ከመዝገቡ ግርጌ ይጀምሩ እንደነበር አጫወቱኝ። ሌሎች አስተማሪዎች ከ«ሀ» ጀምረው ሲወርዱ ሽማግሌው ዘንድ እስኪደርሱ ክፍሉ ተሰላችቷል፤ ደብተር ሲታደልም እንደ እሳቸው ላሉት የሚደርሰው የተጨማደደው ነው። አያቴ ይህን አይታ፣ አንድ ቀን ከላይ፣ በማግስቱ ከታች ትጠራ ጀመር። «ፊተኛ መሆንን ያየሁት በእሳቸው ክፍል ነው» አሉኝ። ሽማግሌው ይህን ሲናገሩ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። ከዚህ የሚበልጥ የአገልግሎት የምስክር ወረቀት አላውቅም።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ ቀን ልጆች አስተምራ፣ ማታ በቀበሌ አዳራሽ ሕፃን ያዘሉ እናቶችን ታስተምር ነበር። ዘመቻው በ1972 ዓ.ም. የዩኔስኮ ሽልማት አስገኝቷል። ስለ ዘመኑ መንግሥት ብዙ መራራ ነገር ይነገራል፤ እኔም የምለው አለኝ። ነገር ግን በዚያ አዳራሽ የተማሩ አንዲት እናት ባንክ ቤት በአሻራ ሳይሆን በፊርማቸው ገንዘብ ማውጣት የጀመሩበትን ቀን ሲተርኩልኝ፣ ያ ሥራ በከንቱ እንዳልቀረ ገባኝ።

በ55 ዓመቷ ጡረታ ስትወጣ ያረፈችው ከፊርማ ሰዓት ብቻ ነው። በሰፈራችን ያሉ የቤት ሠራተኞች የማታ ትምህርት እንዲገቡ ከአሠሪዎቻቸው ጋር በየበሩ ተሟግታለች፤ ከሁለት ጎረቤቶቿ ጋር ተኳርፋበታለች፤ ልጆቹን ግን አስመዝግባለች። የቤት ሥራቸውንም በረንዳዋ ላይ ታይላቸው ነበር። ለእኛ ለልጅ ልጆቿም ቀይ እስክሪብቶዋ አልደረቀም። ከአሜሪካ የአጎቴ ልጅ የላከላትን ደብዳቤ «ሀ»ውንና «ሐ»ውን አርማ፣ ከምርቃት ጋር መልሳ ልካለታለች።

ከዚህ ሁሉ አንዱም በተነበበው ወረቀት ላይ አልነበረም። የመምህር የሕይወት ታሪክ በቤተሰብ እጅ ብቻ ሲጻፍ የሚቀረው ዋናው ነው፤ ሥራውን ያዩት በክፍሉ የተቀመጡት ናቸውና። ስለዚህ አንባቢዬ፣ ቤትህ ጡረታ የወጣ መምህር ካለ ተማሪዎቹን ፈልገህ አናግራቸው፣ የሚሉህንም ጻፈው። ያስተማረችሽ መምህርት በሕይወት ካለች ደግሞ ሄደሽ ጠይቂያት፤ የምታስታውሺውንም እየሰማች ንገሪያት።