የእንግሊዝኛ ማነስ የአእምሮ ማነስ አይደለም

ከ12ኛ ክፍል ተማሪ፤ ቁስቋም

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ጥፋቴን ለአንባቢ እናገራለሁ። ካቻምና በዕድሜ ሁለት ዓመት የሚበልጠኝ አብሮ አደጌ፣ በአንድ የሙያ ኮሌጅ ለመመዝገብ ቅጽ ይዞ ቤታችን መጣ። የሙያዎቹ ዝርዝር የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነበር። ጥጥ ፈትለው ሽሮ ሜዳ በመሸጥ ያሳደጉት እናቱም፣ «ልጄ፣ አንተ ፈረንጅኛው ይገባሃልና አንብብለት፤ የሚበጀውንም ምረጥለት» አሉኝ። እኔም አነበብሁ። ከስሞቹ ሁሉ «ዳታቤዝ አድሚኒስትሬሽን» የሚለው ለጆሮዬ ከበድ ስላለ፣ «ሥራ ማለት ይኸ ነው» ብዬ መረጥሁለት። ልጁ ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ ክረምት ክረምቱን ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ ማደጉን እያወቅሁ፣ የአውቶሞቢል ጥገና የሚለውን መስመር በጣቴ አልፌው ሄድሁ። ከሦስት ወር በኋላ ትምህርቱን ትቶ ወጣ። ምክንያቱን ሲጠይቁት «ጭንቅላቴ አይቀበልም» ይላል። እኔ ግን ጥፋቱ የጭንቅላቱ አለመሆኑን ስለማውቅ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

እንደሚታወቀው፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ግን በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ወሰነ። በዚህ መካከል ያለውን ድልድይ የሚሻገረው ተማሪ ብዙ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ለዚህ ምክንያቱ እንግሊዝኛ ብቻ ነው አልልም፤ ነገር ግን ጥያቄው ያልገባው ተማሪ መልሱን ቢያውቅ እንኳ ምን ይረባዋል? እንግዲህ የቀረነው ወዴት እንሂድ ቢባል፣ «ወደ ሙያ ግቡ» እንባላለን። ምክሩ መልካም ነው። ዳሩ ግን በእንግሊዝኛ ምክንያት የወደቀው ልጅ ሙያ ልማር ብሎ ቢሄድ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሞጁል በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ነገሩን በምሳሌ ላስረዳ። አብሮ አደጌ ካንዴላ ፈትቶ፣ ጥላሸቱን አይቶ፣ ሞተሩ ቤንዚን እንደ በዛበት ይናገራል። ፍሪሲዮን ሲያልቅ በእግሩ ያውቀዋል። ካቻቢቴና ፒንሳ ከእጁ አይለዩም። እነዚህ ቃላት ከጣሊያንኛ መጥተው በጋራዦቻችን አማርኛ ሆነዋል። መጽሐፉ ግን ካንዴላን «ስፓርክ ፕላግ»፣ ፍሪሲዮንን «ክላች»፣ ካቻቢቴን «ስክሩ ድራይቨር» ይለዋል። «ስፓርክ ፕላግ ማለት ያ አንተ በየቀኑ የምትፈታው ካንዴላ ነው» ብሎ የሚነግረው ሰው ካላገኘ፣ ልጁ የገዛ ዕውቀቱን በመጽሐፍ ውስጥ አይቶ አያውቀውም። የሙያ ሥልጠና ከደረጃ ወደ ደረጃ ሲወጣ፣ የብቃት ምዘናውም በተግባር ብቻ ሳይሆን በጽሑፍ ጭምር ነው። ስለዚህ እጁ ያለፈ ሰው በወረቀት ሊወድቅ ይችላል።

አንዳንድ ሰዎች፣ «መፍትሔው ሁሉንም መጽሐፍ በአማርኛ መተርጐም ነው» ይሉ ይሆናል። ሐሳባቸውን አልነቅፍም፤ ነገር ግን ሞተሩ፣ መሣሪያውና የመለዋወጫው ካርቶን ከውጭ አገር ሲመጡ ጽሑፋቸውን ይዘው ይመጣሉ። ሌሎችም፣ «አስቀድሞ እንግሊዝኛውን ይማር፤ ሙያው ከዚያ በኋላ ይደርሳል» ይላሉ። ይህ ደግሞ ውሃ ውስጥ ሳይገቡ ዋና እንደ መማር ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የሲያትል ከተማ በምትገኝበት በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት፣ የማኅበረሰብ ኮሌጆች «አይ-ቤስት» የሚባል አሠራር አላቸው። በዚህ አሠራር የሙያው መምህርና የቋንቋው መምህር ባንድ ክፍል አብረው ያስተምራሉ። ስደተኛው እንግሊዝኛውን እስኪጨርስ ድረስ ዓመታት አይጠብቅም፤ ቋንቋውን ከሙያው ጋራ ይቀበላል። ይህ አሠራር ለእኛም ይስማማናል ብዬ አምናለሁ።

መንግሥት ይህን እስኪያደርግ እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥ ግን አይገባንም። አንደኛ፣ ቅጽ የሚሞላ ሰው ከሙያው ስም በፊት ሥራውን ይይ። ሁለት ቀን ጋራዥ፣ እንጨት ቤት ወይም የሒሳብ ክፍል ውሎ፣ ያን ሙያ የሚማሩትን ልጆች ጠይቆ ይምረጥ። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ስም ከሥራ እንዳይቀድም ነው። ሁለተኛ፣ የመረጠውን ሙያ ቃላት በደብተር ላይ በሦስት ረድፍ ይጻፍ፤ አንዱ የመጽሐፉ፣ አንዱ የሠራተኛው፣ ሦስተኛው ትርጉሙ። በቀን አምስት ቃል ቢጽፍ በወር መቶ ኀምሳ ይሆንለታል። ሦስተኛ፣ እኛ እንግሊዝኛ እንችላለን የምንል ተማሪዎች በምዝገባ ጊዜ የሰፈራችንን ልጆች እንርዳ። መርዳት ስል ማንበብና መተርጐም ማለቴ ነው እንጂ እንደ እኔ መምረጥ ማለቴ አይደለም።

እኔ ባለፈው ክረምት ያን ደብተር ይዤ አብሮ አደጌ ወዳለበት ጋራዥ ሄድሁ። እኔ የመጽሐፉን ቃል ስጠራ፣ እርሱ ዕቃውን በዘይት በራሰ እጁ እያነሣ ያሳየኛል። ሰባ ቃል ያህል ከደረስን በኋላ አንድ ነገር አስተዋልሁ፤ ቃሉን የማውቀው እኔ ነበርሁ፣ ነገሩን የሚያውቀው ግን እርሱ ነበር። ከሁለታችን ተማሪው ማን እንደ ሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ዘንድሮ ቅጹን እንደ ገና ይሞላል። አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ እስክሪብቶውን የሚይዘው ግን እርሱ ነው።