መርዝን መድኃኒት ማለት ይቅር

የአገራችን ሰው አይጥ ሲያስቸግረው ከገበያ የሚገዛውን ነገር «የአይጥ መርዝ» ይለዋል። ስሙ ስለሚያስፈራውም ልጆች ከማይደርሱበት ስፍራ ያስቀምጠዋል፤ ከነካውም በኋላ እጁን ይታጠባል። ይኸው ሰው ግን ለጎመኑና ለቲማቲሙ ትል ማጥፊያ የሚገዛውን «መድኃኒት» ብሎ ይጠራዋል። መድኃኒት ማለት የሚያድን ማለት ነውና፥ ስሙን የሰማ ሁሉ አይጠነቀቅም። በባዶ እጁ ይበጠብጠዋል፤ የተረፈውን ከአልጋው ሥር ያኖረዋል፤ ጠርሙሱንም አለቅልቆ ዘይት ይገዛበታል። በእኔ አስተያየት የጥፋቱ ሁሉ መነሻ ይህ የተሳሳተ ስም ነው።

ለትምህርት ወደ ውጭ አገር በሄድሁ ጊዜ አንድ ሐኪም የደም ነቀርሳ (ካንሰር) የያዘውን ሽማግሌ ሲመረምር አጠገቡ ቆሜ ነበር። ሐኪሙ አስቀድሞ የጠየቀው «በዕድሜህ ምን ሥራ ስትሠራ ኖርህ?» ብሎ ነው። ሽማግሌው ገበሬ ነበር። ወደ አገሬ ተመልሼ ሥራ ስጀምር ግን እኔ ራሴ የበሽተኛውን ስም፥ ዕድሜና ቀበሌ ጽፌ ሥራውን ሳልጠይቅ የማሰናብትበት ቀን ብዙ እንደ ነበረ ሳልደብቅ እናገራለሁ።

ሥራና ደም በምን ይገናኛሉ? ደም የሚሠራው በአጥንታችን ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። መቅኔ ሌሊትና ቀን ሳያርፍ አዳዲስ ሕዋሳትን ይወልዳል። አንዱ ሕዋስ በውርሱ ላይ ጉዳት ቢደርስበት ጉዳቱ ከእርሱ ለሚወለዱት ሁሉ ይተላለፋል። እንዲህ ያለው ሕዋስ ያለ ልክ ሲራባ በመቅኔና በደም ውስጥ ቢሆን ሉኪሚያ፥ በንፍፊት ዕጢዎች ቢሆን ሊምፎማ ይባላል። ከተባይ ማጥፊያዎች አንዳንዶቹ የሕዋስን ውርስ እንደሚጎዱ፥ ሌሎቹም የሰውነትን የመከላከል ኃይል እንደሚያደክሙ በምርመራ ታይቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት የነቀርሳ ምርምር ተቋም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2015 ሊንዴን የተባለው ማጥፊያ ሊምፎማ እንደሚያመጣ ያለ ጥርጥር ወስኗል። በዚያው ዓመት ማላታዮንን፥ ዳያዚኖንን፥ ግላይፎሴትንና ዲዲቲን «ነቀርሳ ሳያመጡ አይቀሩም» ከሚላቸው ክፍል አስገብቷቸዋል። ማላታዮን ብዙ ቤተ ሰብ ነቀዝ ለመከላከል ከእህል ጋር የሚቀላቅለው ነው። ዲዲቲም ለወባ ትንኝ የመጣ ሆኖ ሳለ ወደ ጫት ማሳ ሲሻገር ታይቷል። የፈረንሳይ መንግሥት በዚሁ በ2015 ከማጥፊያ ጋር ሲሠራ ኖሮ ሊምፎማ የያዘውን ገበሬ በሥራው ምክንያት እንደ ታመመ ቈጥሮ እንዲካስ ደንግጓል።

ነገሩን ግን ከመጠን በላይ ማግነን አይገባም። በ2019 የወጣ የፈረንሳይ፥ የኖርዌይና የአሜሪካ ከ300 ሺህ በላይ ገበሬዎች ጥናት ከብዙዎቹ ማጥፊያዎች ጋር የሊምፎማን ግንኙነት አላገኘም፤ ከጥቂቶቹ ጋር ግን ከአንዳንድ የሊምፎማ ዓይነቶች ጋር ግንኙነት አግኝቷል። በግላይፎሴትም ነገር የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ከዓለሙ ተቋም ጋር አልተስማማም። የረጨ ሁሉ አይታመምም፤ የታመመም ሁሉ በመርጨት አልታመመም። ይሁን እንጂ «ሃያ ዓመት ረጨሁ፥ ምንም አልሆንሁም» የሚል ሰው ስለ ራሱ እንጂ ስለ ጎረቤቱ አልመሰከረም። ራስ ምታቱና ትውከቱ በዚያው ቀን ይታያል፤ ነቀርሳው ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ስለሚመጣ ማንም ከመርጫው ጋር አያገናኘውም።

«ታዲያ ተባዩ እህላችንን ይጨርሰው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም፤ ማጥፊያው በሚያስፈልግበት ጊዜ እንደ መርዝነቱ ይያዝ ማለቴ ነው። በሥራ ላይ መርዙ ወደ ሰውነት የሚገባው ይበልጡን በቈዳ በኩል ነው። ስለዚህ በአፍ ላይ የሚታሰረው ነጠላ ብቻውን አይበቃም፤ ሲርስም መርዙን ከፊት ጋር አጣብቆ ይይዘዋል። የሚበጠብጥ ሰው የላስቲክ ጓንት ያድርግ፤ የሚረጭም ቦቲ ጫማና እጀ ረጅም ልብስ ለብሶ ነፋሱን ከኋላው ያድርግ። በጀርባ የሚታዘለው መርጫ የሚያፈስ ከሆነ ሳይጠገን አይታዘል። ሥራው እንዳለቀ ገላ በሳሙና ይታጠብ፤ ልብሱም ከልጆች ልብስ ጋር አይዘፍዘፍ። ባዶው ዕቃ ሦስት ጊዜ ታጥቦ ይበሳ። ከርጭት በኋላ የሚጠጣው ወተት ምግብ ነው እንጂ በቈዳ የገባውን መርዝ አያወጣም።

በአበባና በአትክልት እርሻ ለሚሠሩት ደግሞ ይህን ሁሉ ከደመወዛቸው ይግዙ ማለት ግፍ ነው። መርዙን የገዛ አሠሪ ጓንቱንና የመታጠቢያውን ውሃ አብሮ ማቅረብ ይገባዋል። አገራችን የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674ን በ2002 ዓ.ም. አውጥታለች፤ ነገር ግን አዋጅ ብቻውን የማንንም እጅ አያጥብም።

መምህራን ሆይ፥ ከተማሪዎቻችሁ ብዙዎቹ ቅዳሜ ከአባታቸው ጋር ለመርጨት ውሃ የሚቀዱ ናቸው። በሰሌዳው ላይ «የተባይ መርዝ» ብላችሁ ጻፉላቸው፤ ለምን እንዲህ እንደ ተባለም አስረዷቸው። ልጁ ማታ ወደ ቤቱ ገብቶ «አባባ፥ ይህ መርዝ ነው እኮ» ያለ እንደ ሆነ፥ ጠርሙሱ ከአልጋው ሥር መውጣቱ አይቀርም።