«አርጅታለች» የሚሉት ማመካኛ

ኸሪፍ በገባ ቁጥር ከገዳሪፍ እስከ ገላባት ባለው አገር አንድ ቃል ከሰው አፍ አይጠፋም፤ «አርጅታለች»። ሠራተኛ የጫነች ቦክሲ ከአስፋልቱ ወርዳ ዋልካው ውስጥ ስትቀር ባለቤቱ «አርጅታለች» ይላል። መካኒኩም ሞተሩን ከፍቶ ያየውን ለመናገር ሳይደፍር ሲቀር «አርጅታለች» ብሎ ይዘጋዋል። ሾፌሩ ደግሞ ደመወዙ እንዳይቆረጥበት ይህንኑ ቃል ተቀብሎ ያስተጋባል። አባቶቻችን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ያሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ይህን ቃል ልሞግት ተነሥቻለሁ። ቶዮታ አፍ የላትምና ጠበቃ ብሆንላት ነውር አይመስለኝም። ጥብቅናዬ ለብረቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ግን ብዕር ማንሣት ባላስፈለገኝ ነበር። በዚያች ቦክሲ ጀርባ ላይ ተደራርቦ የሚቀመጠው ለአረምና ለአጨዳ ድንበር የተሻገረው ወገናችን ነው። ሲታመምም ወደ ሐኪም የምታደርሰው እርሷው ናት።

ነገሩን ትንሽ ከሩቅ ልጀምር። በሰሜን አሜሪካ ክረምት ሲገባ አሮጌና ትንሽ ፒክአፕ ያለው ሰው ከመኪናው ፊት የብረት ምላጭ ሰቅሎ ከደጁና ከጎረቤቱ ደጅ በረዶ ይጠርጋል። ሥራው ለመኪናዋ ቀላል አይደለም። ምላጩ ከፊት ጎማዎች ቀድሞ ስለሚንጠለጠል ባሌስትራውንና ኩሽኔታውን ይጎዳል፤ ወደፊትና ወደኋላ መመላለሱ ካምቢዮውን ያግለዋል፤ ምላጩን የሚያነሣው ፖምፓ ባትሪውንና ዲናሞውን ያደክማል። ሆኖም ሃያና ሠላሳ ዓመት የሆናቸው መኪኖች ይህን ሥራ ሲሠሩ ይከርማሉ። ምሥጢሩ ሥራውን የሚያውቅ ባለቤት የመኪናውን ልክ ማወቁ ነው። በረዶው እስኪቆለል አይጠብቅም፤ ገና ስስ ሳለ ደጋግሞ ይጠርገዋል። ከኋላ ጎማዎች በላይ የአሸዋ ከረጢት የሚጭነው ቆጥሮ ነው፤ ከፊት የተንጠለጠለውን ክብደት እንዲመጥንለት እንጂ ቦታ ስለተረፈው አይደለም። ሲጨርስም መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ሻንሲውን በዝገት እንዳይበላው ከሥር ያጥባታል።

የእኛ በረዶ ጥቁር ነው። የገዳሪፍ አፈር ከግማሽ በላይ ሸክላ ነው፤ በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል። ዝናብ ሲመታው ጎማ ላይ እየተጠቀለለ በጎማውና በመከለያው መካከል ይጠቀጠቃል፤ በመጨረሻም ጎማው መዞር ያቆማል። የጎማው ጥርስ ስለሚሞላም አዲስ ጎማና የተላጨ ጎማ እኩል ይሆናሉ። ይኸው አፈር ነው እንግዲህ ሀብታችን። እንግሊዞች በምሥራቅ አፍሪካ ለነበረው ሠራዊታቸው ቀለብ ፍለጋ እ.ኤ.አ. በ1944 ገደማ በገደምበሊያ በመኪና ማረስ ከጀመሩ ወዲህ፣ በተለይም የሜካናይዝድ እርሻ ኮርፖሬሽን እ.ኤ.አ. በ1968 ከተቋቋመ በኋላ፣ ማሽላውና ሰሊጡ እስከ ድንበራችን ተዘርግቷል። ለዚህ አፈር የተመደበው መሣሪያ ከመጀመሪያው ትራክተር ነበር፤ ከኋላው ሰፊውን ዲስክ እየጎተተ ማረሱንና መዝራቱን ባንድ ጊዜ የሚፈጽም። ማንም የእርሻ አዋቂ ለዋልካ ትንሿን ቦክሲ አላዘዘም። ያዘዛት ስስት ነው።

ስስት ስል ኃይለ ቃል የተናገርሁ የሚመስለው ቢኖር አብረን እንቁጠር። ከእነዚህ አሮጌ ቶዮታዎች አብዛኞቹ የሚሸከሙት አንድ ቶን ገደማ ነው። ሃያ ሁለት ሠራተኛ ሲሳፈርባት፣ እያንዳንዱን ስልሳ ኪሎ ብቻ ብንለው፣ 1,320 ኪሎ ይሆናል። ጓዙ፣ የውኃው ጀሪካንና ጣሪያው ላይ የታሰረው የማሽላ ጆንያ ገና አልተቆጠረም። ያ ሁሉ ክብደት ከኋላ አክሰል ወደኋላ ሲያርፍ ፊቷ ይነሣል፤ መሪው ይቀላል፤ የፊት ጎማ መሬት መቆንጠጡን ይተዋል። በደረቅ አስፋልት ላይ ይህ ለመገልበጥ ይበቃል። ጭቃ ላይ ደግሞ ሾፌሩ መሪውን ወደ ግራ ቢጠመዝዝ መኪናዋ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ያ አሜሪካዊ ከረጢቱን የሚጭነው መኪናዋን ለማመጣጠን ነው፤ እኛ ሰው የምንጭነው ምን ለማመጣጠን ይሆን?

አሁን ወደ መካኒኮቻችን ልምጣ። ብዙዎቹ በገዳሪፍ ፀሐይ ሥር ሆዳቸው ላይ ተኝተው የሚሠሩ፣ መለዋወጫ ጠፍቶ ሳለ ከአሮጌ ብረት ቀርጸው የሚያወጡ ባለሙያዎች ስለሆኑ ይህን የምጽፈው በአክብሮት ነው። ግን አንድ ልማድ አላቸው፤ አልወደውም። መኪና «ሞቀች» በተባለ ቁጥር ቴርሞስታቱን ነቅለው ይጥላሉ። «ለቅዝቃዜ አገር የተሠራ ነው፤ ለእኛ አያስፈልግም» ይላሉ። ጋሼ፣ ነገሩ እንዲህ አይደለም። ቴርሞስታት ሞተሩ እስከ ሰማንያ ዲግሪ ገደማ እስኪሞቅ ውኃውን ያቆየዋል፤ ከዚያ ከፍቶ ወደ ራዲያተር ይለቀዋል። በብዙ ሞተሮች ላይ ሲከፈት አብሮ የሚዘጋው ሌላ አቋራጭ መንገድ አለ። ቴርሞስታቱ ሲነቀል ያ አቋራጭ ክፍት ይቀራል፤ ከውኃው ከፊሉም ራዲያተሩን ሳይረግጥ እንደጋለ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። ስለዚህ ለማቀዝቀዝ የተነቀለው ዕቃ ጭነት በበዛ ቀን ሞተሩን ያግላል፤ ጭነት በሌለበት ማለዳ ደግሞ ያበርደውና ናፍታው በደንብ ሳይቃጠል ዘይቱን ያቀጥነዋል። በሁለቱም ወገን ጉዳት ነው።

መሞቅስ ከየት ይመጣል? አብዛኛውን ጊዜ ከራዲያተሩ ፊት። ቦክሲዋ በሣርና በማሽላ መካከል ስትሄድ የሣር ዘርና ገለባ በራዲያተሩ ክንፎች መካከል ይሰካል፤ ላዩን ጭቃ ይለስነዋል። ከውጭ የሚታየው ትንሽ አቧራ ነው፤ ውስጡ ግን ግድግዳ ሆኗል። ከሞተሩ በኩል ወደ ውጭ፣ በቀስታ፣ በውኃ ማጠብ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። የላላ ቺንጊያ ማጥበቅም ከዚያ አይበልጥም። ከቦይ የተቀዳ ድፍርስ ውኃ በራዲያተር ማፍሰስ ደግሞ ለሕፃን ጭቃ እንደማጠጣት ነው፤ ውስጡ ይረጋና ቱቦዎቹን ይደፍናል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ነሐሴ ውስጥ፣ ከዶካ በስተደቡብ ካለ አንድ ካምቦ አንድ ሠራተኛ በቦክሲ ሲጫን አብሬ ነበርሁ። ትኩሳቱ ሳምንታት አልፎታል፤ ሆዱ በግራ በኩል አብጧል፤ ሰውነቱ ከስቷል። በዚህ አገር የኖረ ሰው ምን እንደሆነ ለመገመት ሐኪም አይጠይቅም፤ ካላዛር ነው። ካልታከሙት ይገድላል። (በነገራችን ላይ፣ በሽታውን የምታስተላልፈዋ የአሸዋ ዝንብ የምትጠለለው በዚሁ በዋልካው ስንጥቅና በግራሩ ሥር ነው። ያው አፈር በበጋ ያሳምመናል፤ በክረምት ወደ ሐኪም እንዳንሄድ ይይዘናል።) ባለንብረቱ «እግረ መንገዷን» ብሎ ስምንት ጆንያ ማሽላ አስጫነ። ታማሚው ከጆንያዎቹ በላይ ተጋደመ። ሌሊቱን ዘንቦ ነበር። አስፋልቱ ሳይታየን ሞተሩ ጋለ። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ወርዶ ከቦይ እየቀዳ ጨመረላት፤ ሦስተኛው ላይ ነጭ ጭስ ወጣ፤ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ሄደ። ታማሚው በትራክተር ተጎታች ተጭኖ እኩለ ቀን ላይ መድረስ የነበረበት ቦታ የደረሰው ከመሸ በኋላ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ታክሞ ድኗል። ቦክሲዋ ጋራዥ ስትከፈት ግን ቴርሞስታት የላትም፤ ቺንጊያዋ ላልቷል፤ ራዲያተሯ በሣር ዘር ተደፍኗል። ባለንብረቱ ይህን ሁሉ በዓይኑ አይቶ ምን አለ? «አርጅታለች»። ቀጥሎም የጥገናውን ወጪ በሾፌሩ ሒሳብ አስጻፈው።

ሰው ሁሉ የሚረሳው ሌላም አለ፤ ዲፈረንሻሉ። በሩጫ የጋለ አክሰል ድንገት ውኃ ውስጥ ሲገባ ይበርዳል፤ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ ከውጭም ውኃውን በመተንፈሻውና በጎማ ማኅተሙ በኩል ይስበዋል። ዘይቱ ወተት የመሰለ ዕለት ጥርሶቹ መበላት ጀምረዋል ማለት ነው። ቡሎኑን ፈትቶ ማየት የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። የፍሬን ሸራም እንዲሁ፤ ከበሮው ውስጥ የገባ ጭቃ እንደ ሞረድ ያልበዋል። ይህን የማያይ ሰው መኪናዋ ገና ከፋብሪካ ብትወጣም በሁለት ክረምት ያስረጃታል።

«ታዲያ ለምን አዲስ አይገዛም?» የሚሉ አሉ። በኢትዮጵያ በኩልም ነፋሱ ወደዚያው ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያረጁ መኪኖችን በከባድ ቀረጥ ሲያስቀር፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ ተነገረ። ለአዲስ አበባ አየር ምናልባት በጎ ይሆን ይሆናል፤ አልከራከርም። ለዋልካው ግን መልስ አይደለም። አዲሱ የናፍታ ሞተር በኮምፒዩተር የሚታዘዝ፣ እጅግ ከፍ ባለ ግፊት የሚረጭ ነው። ጦርነቱ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከተነሣ በኋላ ናፍታ በበርሜልና በጀሪካን ሲሸጥ፣ ውኃና ዝገት ተቀላቅሎበት ሲመጣ አይተናል። ያንን ናፍታ አዲሱ ኢኒየቶር አንድ ቀንም አይታገሠውም። የአሮጌዋ ቶዮታ ፖምፓ ሜካኒካል ነው፤ ትንሽ ይታገሣል፤ ሲበላሽም የሰፈር ባለሙያ በመፍቻ ይደርስበታል። መታገሥ ግን አለመሞት አይደለም። ከፊልትሮው ሥር የሚጠራቀመውን ውኃ በየማለዳው ማፍሰስ ግድ ነው። የካርቱም የመለዋወጫ ገበያ በጦርነቱ ከተበተነ ወዲህ የምንጠብቀው ከፖርት ሱዳን በከሰላ በኩል የሚመጣውን እስቤር ነበር፤ እርሱም በመጣ ጊዜ ዋጋው ያስደነግጣል። አንድ ፖምፓ ማቃጠል የአንድ ክረምት ትርፍ ማቃጠል ነው።

ደግሞስ ማን ነው አሮጌዋን የሚንቃት? በ2016 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ሲንጃ በጦርነቱ ስትያዝ በዝናብ ወደ ገዳሪፍ የጎረፈውን ሕዝብ አስታውሱ። ያ ሕዝብ በእግሩ፣ በትራክተርና በእነዚሁ በአሮጌ ቦክሲዎች ነው የመጣው። በ2013 ዓ.ም. ኅዳር ወገኖቻችን ሸሽተው ሲሻገሩና ኡም ራኩባ እንደገና የስደተኛ መጠለያ ስትሆንም ጓዙንና ሽማግሌውን ያመላለሱት አሮጌዎቹ ነበሩ።

ባለንብረቶች የሚሉትንም ሰምቻለሁ። «አረሙ ሰሊጡን ሊውጠው ነው፤ ሠራተኛው ቀለብና ውኃ ይፈልጋል፤ መሬቱ እስኪደርቅ ብጠብቅ ምርቱን ማን ይከፍለኛል?» እውነት ነው፤ ሰሊጥ አረምን አይታገሥም፤ ቀንም አይሰጥም። ይህ ግን ከአስፋልቱ እስከ ካምቦው ያለውን እርጥብ መንገድ በትራክተርና በተጎታች ማለፍ እንጂ ቦክሲዋን ወደ ጭቃው መንዳትን አያስገድድም። አስተዋይ ገበሬዎች ከድሮም የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ቦክሲዋ አስፋልት ዳር ቆማ ትጠብቃለች። በእርጥቡ መንገድ የገባች አንዲት ቦክሲ ራሷን ብቻ አትጎዳም። ጎማዋ የቆፈረው ቦይ ውኃ ያቁራል፤ ቀጣዩ ሾፌር እርሱን ሽሽት በጎን ይዞራል፤ ሌላው ደግሞ ከእርሱ ጎን። በመስከረም ስትመለከቱት የአንድ መኪና መንገድ የነበረው ስምንትና አሥር ዱካ ሆኖ የጎረቤትን ማሽላ በልቷል። አጥፊው ግን «መንገዱ ተበላሽቷል» ብሎ መንግሥትን ያማል።

የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ዝናቡ ሳይጀምር፣ በግንቦት፣ ራዲያተሩ ይታጠብ፤ ቴርሞስታቱ ወደ ቦታው ይመለስ፤ የዲፈረንሻሉ ዘይት ይታይ። ሰው የተጫነበት ዕለት ጆንያ አይጫን፤ ታማሚ የተጫነበት ዕለት ከአስታማሚው በቀር ማንም አይሳፈር። ሞተር ሲቃጠል ደግሞ ከሾፌሩ ደመወዝ ከመቆረጡ በፊት ባለንብረቱ፣ ሾፌሩና ከሁለቱም ወገን ያልሆነ አንድ መካኒክ ባሉበት ይከፈት፤ ጥፋቱ የማን እንደሆነ በዓይን ይታይ። ሾፌር ወንድሞቼም «አርጅታለች» የሚለውን ቃል ከባለንብረቱ አፍ ተቀብላችሁ አትድገሙለት። ቃሉ ለእርሱ ማምለጫ ነው፤ ለእናንተ ግን ዕዳ ነው።

ያ የዶካው ሾፌር የቴስታታውን ሒሳብ ከፍሎ የጨረሰው በኅዳር፣ ሰሊጡ ታጭዶ ካለቀ በኋላ ነው። ቦክሲዋ ግን ቴርሞስታት ገብቶላት፣ ራዲያተሯ ታጥቦ፣ በሌላ ባለቤት እጅ ሆና በገዳሪፍና በገላባት መካከል ስትመላለስ ከዚያ በኋላ ሁለት ክረምት አይቻታለሁ።