ፓምፑ ምን አደረገ?

በቀደም ከደረሱኝ ደብዳቤዎች መካከል ፍቅር ያልገባበት አንድ ብቻ ነበር። ጸሐፊው የ26 ዓመት ወጣት ነው።

«አባቴ ትቶልኝ ያለፈ አሮጌ ኮሮላ አለኝ፤ እንጀራዬ እሷ ናት። ሞተሯ ከሞቀ በኋላ አጥፍቼ ላስነሳ ስል እምቢ ትላለች። ጥቁር ጭስ ታወጣለች፣ ቤንዚን እንደ ውሃ ትጠጣለች። መካኒኩ የነዳጁን ግፊት በጌጅ ሲለካ 34 አለ። ‹44 መሆን ነበረበት፣ ፓምፑ ደክሟል› ብሎ ቀየረው። አዲሱም 34! አሁን ‹የገዛኸው ፎርጅድ ነው፣ ሌላ አምጣ› ይለኛል። ብር የለኝም። ደላላው ቅዳሜ ገዢ ይዤ እመጣለሁ ብሏል። ልሽጣት? ምን ይመክሩኛል?»

ቆይ ወንድሜ! መጀመሪያ መኪናዋን ልያት አልኩና ሐሙስ ከሰዓት ሄድኩ። መካኒክ አይደለሁም፤ ግን በአሮጌ መኪና ስንት ብር አቃጥያለሁ መሰላችሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓምፑ ሞተሩ ከሚፈልገው በላይ ቤንዚን ይገፋል። ግፊቱን የምትወስነው ግን ኢንጀክተሮቹ የተሰኩበት ቧንቧ ላይ ያለችው ሬጉሌተር የምትባል ትንሽ ዕቃ ናት፤ ትርፉን ወደ ታንኩ ትመልሳለች። ከአናቷ ቀጭን የጎማ ቱቦ ወጥቶ ወደ ሞተሩ አየር ማስገቢያ ይሄዳል። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ አየር ማስገቢያው ይመጣል፤ ያ መምጠጥ ሬጉሌተሯን ከፈት ያደርጋትና ግፊቱ ዝቅ ይላል። ቤንዚን ስትረግጡ መምጠጡ ይቀንሳል፣ ግፊቱም ይወጣል። እንግዲህ ጤነኛ መኪና ያላት አንድ ቁጥር ሳይሆን ሁለት ነው።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ለተሠሩ ብዙ የኮሮላ ኢንጀክሽን ሞተሮች የጥገና መጽሐፉ በሚኒሞ፣ ቱቦው እንደተሰካ ከ30 እስከ 37 ፒኤስአይ፣ ቱቦው ሲነቀል ደግሞ ከ38 እስከ 44 ይላል። ሌላ መኪና የራሱ ቁጥር አለው። መካኒካችን ቱቦው ተሰክቶ ያነበበውን 34 ከ44 ጋር አስተያየው። የተቀመጠን ሰው ለክቶ «አጭር ነው» እንደማለት ነው! (በነገራችን ላይ አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አገር በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ መምጠጡም ይቀንሳል። በሁለቱ ቁጥሮች መካከል ያለው ልዩነት ጂቡቲ ላይ ከሚታየው ጠበብ ቢል አትደንግጡ።)

ሞተሩ እየሠራ ቱቦውን ነቅዬ ጫፉን በጣቴ ደፈንኩት። ጌጁ ከ34 ወደ 40 ወጣ። ፓምፑ ምን አደረገ ታዲያ? ጣቴ ግን ረጠበ። ሳሸተው ቤንዚን! አየር ብቻ ሊኖርበት በሚገባ ቱቦ ቤንዚን ምን ይሠራል? ሬጉሌተሯ ውስጥ ያለችው ስስ ጎማ ተቀዳለች። ሞተሩ በኢንጀክተር ከሚረጭለት ሌላ በጓሮ በር ይጠጣ ኖሯል። ሞተሩን አጥፍተን ሰዓት ያዝን። መጽሐፉ ከ5 ደቂቃ በኋላም ቢያንስ 21 መቅረት አለበት ይላል፤ የእሱ በ2 ደቂቃ ዜሮ ገባ። ሲሞቅ አልነሳም የምትለው ለዚሁ ነበር።

የእናንተስ? ቱቦው ሲነቀል ጌጁ ንቅንቅ ካላለ ቱቦው ተደፍኖ ወይም ተሰንጥቆ እንደሆነ እዩ። ሁለቱም ቁጥር ዝቅ ካለ ወደ ታንክ የሚመልሰውን ጎማ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ለአፍታ ብቻ በፒንሳ ቀስ ብላችሁ ጨመቅ አድርጉት። ግፊቱ ወዲያው ከዘለለ ፓምፑ ነጻ ነው፣ ሬጉሌተሯን ያዙ። ካልዘለለ መጀመሪያ ፊልትሮውን፣ ቀጥሎ ፓምፑን ጠርጥሩ። በሚኒሞ ደህና ሆኖ እንጦጦ ዳገት ላይ የሚወድቅ ግፊትም አለ፤ ብዙ ጊዜ የተደፈነ ፊልትሮ ጠባይ ነው።

ደግሞ አደራ፦ ጌጅ የሚገጠመው ሞተሩ ቀዝቅዞ፣ ባትሪው ተፈትቶ ነው። ቧንቧው ውስጥ የቀረ ግፊት ዓይን ላይ ይረጫልና ስትፈቱ ጨርቅ ጣል አድርጉበት። ሲጋራ የያዘ ጓደኛችሁን ከግቢ አስወጡት!

ሬጉሌተሯ ሶማሌ ተራ ተገኘች፤ ከፓምፑ በጣም በረከሰ ዋጋ። ቅዳሜ ደላላው ገዢውን ይዞ መጣ። «በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ እንዲህ ያለችው ተፈላጊ ናት» ብሎ ዋጋ ጨመረ አሉ። ልጁ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

አንድ ነገር ግን ቀርቷል። ያ ምንም ያልሆነው የድሮ ፓምፕ የት ገባ? መካኒኩን ቢጠይቀው «ጥለነዋል» አለው። ሰኞ አብረን እንሄዳለን።