ወሬ አቀባዩ ሲያዳላ የሚጎዳው ማን ነው?

ክቡር የአዲስ ዘመን ጋዜጣ ዋና አዘጋጅ ሆይ፤

ከዚህ ቀጥዬ ለማቀርበው አሳብ በአንባብያን ደብዳቤ ዓምድዎ ላይ ጥቂት ቦታ እንዲፈቅዱልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ የሩቅ አገር ነገር ይመስላል፤ ይሁን እንጂ እስከ ዳንግላና እስከ እንጅባራ ድረስ የደረሰ ስለሆነ በዝምታ ማለፉን ኅሊናዬ አልፈቀደልኝም።

እኛ በምናስተምርበት ትምህርት ቤት በመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ስለ አሜሪካው ፕሬዚዳንት ስለ ሚስተር ዶናልድ ትራምፕ ክርክር ሳይነሣ የሚያልፍ ሳምንት አልነበረም። አንዱ ባልደረባዬ «ሰውዬው የድኻውን ብሶት በግልጽ ስለ ተናገሩ ጋዜጦቹ ጠሏቸው፤ የሚጽፉባቸው ሁሉ ስም ማጥፋት ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «የለም፤ የተጻፈው እውነት ነው። ሰውዬው ሕዝብን በቍጣ እያነሣሡ ሥልጣን የያዙ ናቸው» ሲል ይመልሳል። ነገሩ ሲጋጋል «አንተ የምታነበው ወገንህ የጻፈውን ብቻ ነው» ተባብለው ይለያያሉ። እንደ እኔ አስተያየት ከተባለው ሁሉ ለእውነት የሚቀርበው ይህ የመጨረሻው ቃል ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ሚስተር ትራምፕ ለመጀመሪያ ጊዜ በተመረጡበት በጥቅምት 29 ቀን 2009 ዓ.ም. ምርጫ፣ በአሜሪካ ብዙ ቅጂ ከሚያሳትሙት 100 ጋዜጦች መካከል 57ቱ ተወዳዳሪያቸውን ወይዘሮ ሂላሪ ክሊንተንን ደግፈው ሲጽፉ እሳቸውን የደገፉት 2 ብቻ ነበሩ። ይህን ያየ ሰው «አድልዎ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን የሳንቲሙ ሌላ ገጽ አለ። በዚያው የምርጫ ዘመን የቴሌቪዥን ድርጅቶች፣ ተመልካች ስለሚያበዙላቸው ብቻ፣ የእሳቸውን ስብሰባና ንግግር ከሌሎቹ እጩዎች አብልጠው ያሳዩ ነበር። ገና እጩነታቸው ሳይጸድቅ በመጋቢት 2008 ዓ.ም. በነፃ ያገኙት የወሬ ሽፋን በማስታወቂያ ዋጋ ቢተመን ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር እንደሚደርስ ተገምቶ ነበር። እንግዲህ ያው አንድ ሙያ በርእሰ አንቀጹ እየነቀፋቸው በካሜራው አነገሣቸው ማለት ነው። አድልዎ በጥላቻ ብቻ ሳይሆን በገበያም እንደሚመጣ ከዚህ እንማራለን።

ለእሳቸው የሚያደሉም አልታጡም። ፎክስ የተባለው የቴሌቪዥን ድርጅት፣ እሳቸው የተሸነፉበት የ2013 ዓ.ም. ምርጫ በድምፅ መቍጠሪያ መሣሪያዎች ተጭበረበረ የሚለውን የሐሰት ወሬ በማሰራጨቱ ተከስሶ፣ ሚያዝያ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ዶሚኒየን ለተባለው የመሣሪያዎቹ ሠሪ ድርጅት 787.5 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ከክርክሩ ወጣ። ተመልካቹን ላለማስቀየም ሲል የሚያወራ ሰው መጨረሻው እንዲህ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል የተጎዳው ማን ነው? ጋለፕ የተባለው የሕዝብ አስተያየት መርማሪ ድርጅት እንደሚለው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1976 ከመቶ አሜሪካውያን 72ቱ በጋዜጦችና በራዲዮኖቻቸው ያምኑ ነበር። በ2025 ግን የሚያምኑት 28ቱ ብቻ ሆኑ። አንድ ዳኛ በአንድ ጉዳይ ማዳላቱ ከታወቀበት፣ በሌላው ጉዳይ በትክክል ቢፈርድም እንኳ የሚያምነው አያገኝም። ሚስተር ትራምፕ የካቲት 10 ቀን 2009 ዓ.ም. ታላላቆቹን የወሬ ድርጅቶች የሕዝብ ጠላት ብለው ሲጠሩ ብዙ ሰው ያጨበጨበላቸው ይህ እምነት አስቀድሞ ስለ ተሸረሸረ ነው።

ነገር ግን ጋዜጦች አደሉ ማለት የተከሰሰው ሰው እውነተኛ ነው ማለት አይደለም። ይህን ለማስረዳት ከእኛ ቤት የቀረበ ምሳሌ አለ። ሚስተር ትራምፕ ጥቅምት 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ከሱዳንና ከእስራኤል መሪዎች ጋር በስልክ ሲነጋገሩ፣ ግብፅ የሕዳሴውን ግድብ ልታፈነዳው ትችላለች የሚል ቃል ተናገሩ። በሰኔ 2017 ዓ.ም. ደግሞ ግድቡ የተሠራው በአሜሪካ ገንዘብ ነው ብለው ጻፉ። ይህን ለማስተባበል የማንም አገር ጋዜጣ አያስፈልገንም። ምስክሩ በየመሥሪያ ቤቱ የሒሳብ ክፍል በሚገኘው የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር ላይ ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረቱ ድንጋይ ከተጣለ በኋላ ከጽሕፈት ቤት ጸሐፊ እስከ ዳይሬክተር የወር ደመወዙን እያስቈረጠ ቦንድ የገዛው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ከእንጅባራ በቻግኒ በኩል ወደ ጉባ በሚወስደው መንገድ ዳር የሚኖር ገበሬም እንኳ ከኪሱ ያወጣውን ያውቃል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ግድብ የማን ላብ እንደሆነ የሚጠየቀው እርሱ ነው።

እዚህ ላይ ግን የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ስለ ግድቡ ከተናገሩ ወዲህ በሚስተር ትራምፕ ላይ የሚወራውን ክፉ ነገር ሁሉ ሳልመረምር እቀበል ነበር። አንድ ቀን በክፍል ውስጥ ስለ እሳቸው የሰማሁትን እንደ እውነት ስናገር አንድ ተማሪ ተነሥቶ «መምህር፣ ይህን እሳቸው መናገራቸውን በምን አወቁ?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም። ኋላም ብፈልገው ያሉት አልነበረም። በማግሥቱ በተማሪዎቹ ፊት ስሕተቴን አረምሁ። አድልዎ በጸሐፊው ብዕር ላይ ብቻ ሳይሆን በሰሚው ጆሮም ውስጥ እንደሚቀመጥ ያን ቀን ተረዳሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ሚስተር ትራምፕ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ዳግመኛ ሥልጣን ከያዙ በኋላ፣ የአሜሪካ ድምፅ ራዲዮ ወገንተኛና አክራሪ ሆኗል ሲሉ ከሰሱት። መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሠራተኞቹ 1,300 ያህሉ ከሥራ እንዲገለሉ ተደረገ። በ50 ያህል ቋንቋዎች ይናገር የነበረው ጣቢያ ጸጥ አለ፤ ከአርባ ዓመት በላይ የቈየው የአማርኛው ክፍልም አብሮ ዝም አለ። በዳንግላ ከሥራ መልስ ራዲዮኑን ከፍቶ ወሬ የሚጠብቅ ሰው የዋሽንግተን ክርክር ወገን አልነበረም፤ ቅጣቱ ግን ለእርሱም ደረሰው።

ይህንንም ራዲዮ ቢሆን ሁሉም ይወደው ነበር ለማለት አይደለም። በመጋቢት 2002 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ የአማርኛውን ክፍል በሩዋንዳ እልቂት ጊዜ ጥላቻ ይሰብክ ከነበረው ራዲዮ ጋር አመሳስለው፣ ሞገዱን ለማፈን ዝግጅት መኖሩን ተናግረው ነበር። እንግዲህ ያንን አንድ ጣቢያ የእኛ መንግሥት በአንድ ዘመን ከሰሰው፤ የገዛ አገሩ ፕሬዚዳንት ደግሞ በሌላ ዘመን። ሁለቱም ያሰቡት መድኃኒት አንድ ዓይነት ነበር፤ ዝም ማሰኘት። ዝም ማሰኘት ግን ስሕተቱን አያርምም፤ የአንዱን ድምፅ አጥፍቶ ሌላውን አድልዎ ብቻውን ይተወዋል እንጂ።

እኛስ ቤት እንዴት ነው? የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 29 ንኡስ አንቀጽ 5፣ በመንግሥት ገንዘብ የሚንቀሳቀስ መገናኛ ብዙኃን የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችለው ሁኔታ እንዲመራ ያዛል። ይህ ሲፈጸም ምን እንደሚመስል በ1997 ዓ.ም. ዐይተናል። ከግንቦት 7ቱ ምርጫ አስቀድሞ የተቃዋሚና የመንግሥት ሰዎች በቴሌቪዥንና በራዲዮ ፊት ለፊት ሲከራከሩ፣ ሕዝቡ ጎረቤቱን እየጠራ ያዳምጥ ነበር። ከምርጫው በኋላ ያ በር ተዘጋ፤ ብዙ የግል ጋዜጦችም ቆሙ። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ የአውሮፓ ኅብረት ታዛቢዎች የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ከሽፋናቸው ከግማሽ የሚበልጠውን ለገዢው ፓርቲ መስጠታቸውን መዘገባቸው ይታወሳል። ስለዚህ በአሜሪካ ጋዜጦች አድልዎ ስንሥቅ የራሳችንን ደጅ መጥረጉንም አንርሳ።

ክቡር አዘጋጅ ሆይ፤ እንደ አንድ ተራ አንባቢ የምለምነው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ወሬው ከአስተያየቱ ተለይቶ ይታተም፤ ጸሐፊው የሚያስበውን ከሆነው ነገር ጋር አያቀላቅልብን። ሁለተኛ፣ አንድ ሰው ሲነቀፍ መልሱ በዚያው ገጽ፣ በዚያው መጠን ይውጣ። ኒቆዲሞስ ሰውን ሳይሰሙት መፍረድ ይገባልን ብሎ ሸንጎውን መጠየቁን አንርሳ። ሦስተኛ፣ ስሕተት ሲገኝ እርማቱ ስሕተቱ በወጣበት ሥፍራ ይታይ። ይህን የሚያደርግ ጋዜጣ ክብሩ አይቀንስም፤ እኔም በተማሪዎቼ ፊት ስታረም መምህርነቴን አልተነጠቅሁም።

ለሥራ ጓደኞቼ ለመንግሥት ሠራተኞችም አንድ ቃል አለኝ። በምንወደው ሰው ላይ የተጻፈውን ሁለት ጊዜ እንደምንመረምር፣ በምንጠላው ሰው ላይ የተጻፈውንም ሁለት ጊዜ እንመርምር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንላለን፤ የሚጠራው ግን ዐይኑን ከፍቶ ለሚጠብቀው ነው።

አክባሪዎ፣

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከእንጅባራ