ከካልሲው በፊት ወለሉ

የማያንሸራትት የዮጋ ካልሲ የሚሸጥ ሰው ባዶ እግርን አደገኛ አድርጎ መናገሩ አይቀርም። ገበያ ነውና አይፈረድበትም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 የወጣ አንድ የአውስትራሊያ ጥናት ግን ነገሩን ገልብጦታል። ተመራማሪዎቹ ለሆስፒታል ታካሚዎች የሚታደሉትን የማያንሸራትቱ ካልሲዎች በሚያጋድል ወለል ላይ ሲፈትኑ፣ ወለሉን አጥብቆ የያዘው ባዶ እግር ሆኖ ተገኘ። ዮጋም ቢሆን ከጥንት ጀምሮ በባዶ እግር የሚሠራ ነው።

በሱዳኗ ካርቱም ደግሞ በባዶ እግር ወይስ በካልሲ የሚለው ጥያቄ ይከብዳል። ከተማዋ ከዮጋ አገር ከህንድ ጋር የቆየ ትውውቅ አላት፤ ከጉጃራት የመጡ ነጋዴዎች በአጎራባቿ ኦምዱርማን ውስጥ ልጅና የልጅ ልጅ አፍርተዋል። ስለ ሴት ልብስ ማውራት ግን እዚያ ቀልድ ሆኖ አያውቅም። ጋዜጠኛ ሉብና ሁሴን በ2009 ሱሪ ለብሳ በመገኘቷ ፍርድ ቤት የቆመችው በዚችው ከተማ ነው፤ የሕዝብ ሥርዓት ሕግ የሚባለውም እስከ 2019 መጨረሻ ድረስ አልተሻረም ነበር። ሱሪ ይህን ያህል ባከራከረበት ከተማ ስለ ካልሲ መጻፍ ቅንጦት ይመስላል። ይሁንና ሰው የሚወድቀው ወለል ላይ ነው፣ የካርቱም ወለል ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው።

ብዙው ቤት ሴራሚክ ወይም የሲሚንቶ ንጣፍ ነው። ሃቡብ የሚሉት የአቧራ ማዕበል ሲነሣ መስኮት ቢዘጋም በየስንጥቁ ገብቶ ወለሉን ዱቄት ያለብሰዋል። የካልሲው ጎማ የሚይዘው ንጣፉን በቀጥታ ሲነካ ነው፤ በመካከላቸው አቧራ ከገባ ጎማው ደቃቁን አሸዋ ረግጦ ይንከባለላል። በውሃ የሚሠራው የአየር ማቀዝቀዣ ደግሞ ክፍሉን ያረጥበዋል። እርጥበትና አቧራ ሲገናኙ የሚፈጠረውን ስስ ጭቃ የትኛውም ካልሲ አይችለውም። ስለዚህ ለካልሲ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ወለሉን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሎ በደንብ ማድረቅ ይቀድማል፤ ወጪውም ከካልሲው ያነሰ ነው። በ2023 የፈነዳውን ጦርነት ሸሽቶ ኋላ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ስብርባሪ መስታወት ይፈልግ። ለመስታወት ካልሲ መከላከያ አይሆንም።

ካልሲው ጭራሽ አያስፈልግም ማለት ግን አይደለም። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በሚያዝያና በግንቦት መብራት ሲጠፋ የእግር መዳፍ ላብ ያወጣል፤ በላብ የራሰ እግር ምንጣፍ ላይም ይንሸራተታል። ላቡን የሚመጥ ካልሲ የሚጠቅመው ያኔ ነው። ብዙ ሰው በሚረግጠው የስፖርት ቤት ወለል ላይም የእግር ፈንገስ እንዳይተላለፍ ይረዳል። የስኳር ሕመም እግራቸውን ያደነዘዘባቸው ሰዎችን ደግሞ ሐኪሞች ራሳቸው በባዶ እግር አትሂዱ ይሏቸዋል። ለእነሱ ውስጡ ስፌት የማይቆረቁር፣ የቁርጭምጭሚቱ ላስቲክ ሥጋ ውስጥ የማይቀበር ካልሲ መምረጥ ከጎማው ብዛት ይበልጣል።

የሚገዛ ሰው ማሸጊያው ላይ ያለውን ሥዕል ትቶ ካልሲውን ይገልብጥ። ጎማው ያለው መሐል ላይ ብቻ ከሆነ ለጌጥ ነው፤ ክብደት የሚያርፈው ተረከዝና ከጣቶች ሥር ባለው ወፍራም የመዳፍ ክፍል ላይ ነውና እዚያ መኖር አለበት። ከዚያ ጨርቁን በሁለት እጅ ወጠር አድርጎ የጎማውን ነጠብጣብ በጥፍር መፋቅ ነው። ሲሊኮን ከሆነ ከጨርቁ ጋር ይሳባል፤ ርካሹ ፕላስቲክ ጠርዙ ይነሣል ወይም ይሰነጠቃል። ሻጩ ፊቱን ቢያጠቁርም ይህ ሙከራ መደረግ አለበት። ልኩ ላይ ደግሞ ድርድር የለም። ሰፋ ያለ ካልሲ ነጠብጣቡ ወለሉን ጨብጦ ሳለ እግር ውስጡ ይዞራል፤ ይህ ከተራ ካልሲም የባሰ ነው፣ ለባሹ ተማምኖ ክብደቱን ይጥላልና። ጣት በጣት የተለየውን ዓይነት የሚወዱ አሉ፤ ዋጋው ከፍ ይላል እንጂ ለጀማሪ ግድ አይደለም።

እጥበቱ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሽታ ያለው የልብስ ማለስለሻ ጎማው ላይ ስስ ቅባት ይተዋል፤ ካልሲው ይሸታል፣ ግን አይዝም። በረኪናም የሚለጠጠውን ክር ይበላል። መጀመሪያ መዳፉን በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ አሸት አሸት አድርጎ አቧራውን ማስለቀቅ፣ ከዚያ ገልብጦ የውስጡን ላብ ማጠብ፣ ሳይጠመዝዙ ጨምቆ ጥላ ላይ መስቀል ይበቃል። በካርቱም ደረቅ አየር ለመድረቅ ጊዜ አይፈጅበትም፤ ፀሐዩ ላይ መዘርጋቱ ጎማውን ከማድረቅ በቀር የሚጨምረው ነገር የለም። ነጠብጣቡ መላጥ ከጀመረ ካልሲው ከእንግዲህ ተራ ካልሲ ነው፤ አልጋ ላይ ይለበስ።

በዚህ ሁሉ ወሬ ውስጥ የተረሳች አንዲት ሴት አለች። ጦርነቱ በሚያዝያ 2023 ሳይፈነዳ በፊት በዴምና በጅሬፍ ሠፈሮች የሚኖሩ፣ በካርቱም ቤቶች ተቀጥረው የሚሠሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ነበሩ፤ ከፊሎቹም በመተማ በኩል ወደ አገራቸው ተመልሰዋል። ወለሉን የሚያረጥቡትም የሚያደርቁትም እነሱ ነበሩ፤ አንዳንዷ ይህን ትሠራ የነበረው ተረከዙ ባለቀ ነጠላ ጫማ ነው። እመቤቲቱ በደረቅ ምንጣፍ ላይ ለአንድ ሰዓት ሚዛኗን ትጠብቅ ዘንድ ካልሲ ሲገዛ፣ ሳሙና በፈሰሰበት ደረጃ ባልዲ ተሸክማ ለምትወርደው የተገዛላት ነገር አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት በየዓመቱ 684,000 ሰዎች በመውደቅ ሳቢያ ይሞታሉ ይላል። ለእሷ ደግሞ ካልሲ መፍትሔ አይሆንም፤ ውሃ ይጠጣና ያንሸራትታታል። የሚያስፈልጋት ተረከዟን የሚይዝ፣ ሶሉ ላይ ጥልቅ መስመር ያለው ሽፍን የጎማ ጫማ ነው። ቀጣሪ ሁሉ ይህን ከመጥረጊያውና ከባልዲው ጋር አብሮ ሊገዛ ይገባል፣ ከደመወዟም ሊቆርጠው አይገባም።